ከምረቃ በኋላ፤ ትምህርት ወይስ ንግድ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ውድ የሰንበት ት/ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከመካከላችን ጥቂቶቹ የምረቃ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። እኛም በእልልታና በመዝሙር እንቀበላቸዋለን። እልልታው ካበቃ በኋላ ግን ከዘመድም ከጎረቤትም የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እንግዲህ ቀጥሎስ ምን አሰብክ? ምን አሰብሽ?» የሚል ነው። ሥራ በቀላሉ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ማስተርሴን እቀጥላለሁ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የራሴን ሥራ እጀምራለሁ» የሚል ነው።

በቅርቡ በወጣቶች ክፍል ጉባኤ ይኸው ጉዳይ ተነሥቶ ክርክሩ ረዝሞ ነበር። አንዳንዶቹ «ትምህርት መቼም አይከስርም» ሲሉ፣ ሌሎቹ «ወረቀት ከመደርደር አንዲት ሱቅ ትሻላለች» አሉ። እኔ በዚያን ዕለት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትም የምናገረው አጥቼ ሳይሆን፣ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት በመሆኑ አፍሬ ነው። ይሁን እንጂ በእኔ የደረሰው ዘንድሮ በሚመረቁ ታናናሾቼ ላይ እንዳይደርስ በማሰብ ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ይኸውም ትምህርትም ሆነ ንግድ መልካም መንገድ ሲሆን፣ ሰውን የሚጎዳው መንገዱን በፍርሃትና በይሉኝታ መምረጡ ነው። በፍርሃት የመረጠ ሰው ተቀምጦ ወጪውን አያሰላም፤ እርሱ ያላሰላውን ወጪ ደግሞ ሌላ ሰው ይከፍልለታል።

1ኛ/ ሁለቱም መንገዶች የተባረኩ ስለ መሆናቸው

ከመካከላችን ንግድን እንደ ዓለማዊ ነገር፣ ትምህርትን ደግሞ እንደ ትዕቢት የሚቆጥሩ አይጠፉም። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩንም። ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ እናነባለን (ሐዋ. 7፥22)። ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን ሦስት ዓመት እንዲማሩ ተወስኖላቸው ነበር (ዳን. 1፥5)። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም በአቴና አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ።

በሌላው በኩል ወንጌልን በፊልጵስዩስ በመጀመሪያ ከተቀበሉት አንዷ ልድያ ቀይ ሐር የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች (ሐዋ. 16፥14)። አቂላና ጵርስቅላም ድንኳን ሰፍተው የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ የተማረው እርሱ ነው (ሐዋ. 22፥3)፤ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን የሰፋውም እርሱ ነው (ሐዋ. 18፥3)። እንግዲህ መጽሐፍና መርፌ በአንድ ሰው እጅ አብረው ኖረዋልና እኛ የምናጣላቸው በከንቱ ነው።

2ኛ/ ከመማር የሸሸ ነጋዴ

እኔ በኬሚስትሪ ትምህርት የተመረቅሁት የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከመምህራኖቼ አንዱ ለሁለተኛ ዲግሪ እንድወዳደር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ለሰው የምናገረው ምክንያት «አገር የሚለወጠው በሥራ ነው» የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አብረውኝ የጨረሱ ልጆች ደመወዝ ሲቀበሉ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቴ የታክሲ እየለመንኩ መኖሬ አሳፈረኝ፤ የመመረቂያ ጥናት መጻፍም እፈራ ነበር። በዚህ ላይ «ባለ ድርጅት» መባልን ወደድሁ።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ፈሳሽ ሳሙና ለማምረት ተስማማን። ሥራው ለተማረ ሰው ከባድ አይደለም። ሰልፎኒክ አሲድ በኮስቲክ ሶዳ ይመጠናል፤ የቆዳን ጤና እንዳይጎዳ ፒኤቹ ወደ 7 እስኪጠጋ ይለካል፤ ቴክሳፖን ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ በጨው ይወፍራል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። የማላውቀው ግን እንዴት እንደሚሸጥ ነው፤ ማወቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ለእኔ ድርሻ የሚሆነውን ገንዘብ የሰጠችኝ እናቴ ናት። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታቀርብ ስትሆን፣ በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጣልበት፣ ስድሳ አባላት ያሉት ዕቁብ ነበራት። ዕቁቡ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ተጀምሮ በዘጠነኛው ሳምንት ዕጣ ወጣላት። ጎረቤታችንን ዋስ ጠርታ 60,000 ብሩን ተቀበለችና ሳትቆጥረው ሰጠችኝ። በመጋቢት ወር ቤት ተከራይተን ሥራ ጀመርን።

ሳሙናውን ለምግብ ቤቶችና ለካፌዎች በዱቤ እናቀርብ ነበር። ገንዘቡ የሚመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚህ መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል የነበረ ሲሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥሬ ዕቃችን ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። እዚህ ላይ ስሕተታችንን በምሳሌ ላስረዳ። ለአንድ ጀሪካን ሳሙና የሚሆን ዕቃ በ1,000 ብር ገዝተን በ1,400 ብር በዱቤ ሸጥን እንበል። እኛ 400 ብር አተረፍን ብለን ተደሰትን። ከሁለት ወር በኋላ 1,400 ብሩ ሲመለስ ግን ያው ዕቃ 1,500 ብር ገብቷል። እንግዲህ ትርፍ ያልነው ገንዘብ የሸጥነውን አንድ ጀሪካን እንኳ መልሶ አይሞላም። በየወሩ እየሸጥን በየወሩ እናንስ ነበር።

የጽሑፍ ውል ስላልነበረን ኪሳራው ሲመጣ ከጓደኞቼ ጋር ተጣላን። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ቤቱን ዘጋን። ነገር ግን ቤቱ ቢዘጋም ዕቁቡ አልተዘጋም። ዕቁብ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ዕጣ ድረስ መጣል እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እናቴ ገና 19 ሳምንት ቀርቷት ነበር። በየሳምንቱ ሌሊት ተነሥታ ጋግራ ለሌለ ሱቅ 1,000 ብር ጣለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ምጣዱ ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

3ኛ/ ከሥራ የሸሸ ተማሪ

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ወንድማችን እናገራለሁ፤ ታሪኩን የምጽፈው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። ይህ ወንድም ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ተመርቆ አራት ወር ሥራ ፈለገና አጣ። ቤት መዋሉ አሳፈረው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳ ይዞ የሚወጣበት ምክንያት ፈለገ። የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከተ። የመረጠው ትምህርት አመልካች አንሶት ሳይከፈት በመቅረቱ ክፍት ወደ ነበረ ሌላ ክፍል ገባ። ክፍያውን የሸፈነችለት በአሜሪካ አገር አረጋውያንን በሌሊት እየተንከባከበች የምትኖር እህቱ ናት።

የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ትምህርት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጥናት ርእስ አምጣ ተባለ። ወንድማችን የሚጠይቀው ጥያቄ አልነበረውም። ከጓደኛው በተዋሰው ርእስ እንደ ምንም ጨረሰ። ሁለተኛውን ጋዋን በለበሰ ማግስት ዘመዶቹ «ቀጥሎስ?» አሉት። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ» ብሎ ነገረኝ።

እንግዲህ አስተውሉ። እርሱ ትምህርትን መረጠ፣ እኔ ንግድን መረጥሁ። በጉባኤያችን ቢሆን ኖሮ በሁለት ወገን ተቀምጠን እንከራከር ነበር። ነገር ግን ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነው። ሁለታችንም ከኀፍረት ሸሸን፤ የሽሽታችንንም ዋጋ ሌሎች ከፈሉ። የእኔን እናቴ በምጣድ፣ የእርሱን እህቱ በሌሊት ሥራ ከፈሉት።

4ኛ/ የኔታ የጠየቁኝ ጥያቄ

ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በልጅነቴ ዳዊት ያስተማሩኝን የኔታን ልጠይቅ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?» ሲሉኝ «ይህ ንግድ ለእኔ አይሆንም፤ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ» አልኳቸው። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ወደ ምን ነው የምትሄደው? ወይስ አሁንም ከአንድ ነገር እየሸሸህ ነው?» አሉኝ።

ቀጥለውም የራሳቸውን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ድጓ ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ ለማስመስከር በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄደው ነበር። «ወደ ቤተልሔም የሄድሁት ሥራ ስላጣሁ አይደለም፤ ደብሩማ ነበረኝ። የሄድሁት ድጓዬ ላይ የጎደለኝን ስላወቅሁ፣ የጎደለኝንም የሚያቃና መምህር እዚያ ስላለ ነው። የጎደለውን ሳያውቅ የሚሄድ ተማሪ ስንቁን ጨርሶ ይመለሳል» አሉኝ።

ይህን ስሰማ አንዲት እህታችን ትዝ አለችኝ። ይህች እህት በጤና ላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በሥራዋ ላይ ሳለች ለታማሚዎች በብዛት የሚታዘዙ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አንዳንዶቹን ተሕዋስያን እንደማይገድሉ በምርመራ ታይ ነበር። ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ተላምደውታል። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ በደብተሯ ጻፈች። በዚህ ጉዳይ የሚመራመር መምህር የት እንዳለ ጠየቀች፤ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አነበበች፤ ከደመወዟም አጠራቀመች። ከዚያ በኋላ ነው ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከተችው። ትምህርቱ አላደከማትም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ርእስ ፈልጋ አልተንከራተተችም። ጥያቄውን ይዛ ገብታለችና።

5ኛ/ ከመወሰናችን በፊት የምናደርገው ስሌት

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ወደ ትምህርትም ሆነ ወደ ንግድ የሚሄድ ሰው የሚከተለውን በወረቀት ላይ ያስፍር።

ሀ/ ለመማር ለሚያስብ፤

አንደኛ፣ ለመማር የምትፈልገውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። መጻፍ ካልቻልህ ጊዜው ገና ነው። ሁለተኛ፣ ለምታስበው ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠይቅ። በዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ለሚያድግ ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ሥራ ግን ከዲግሪው ይልቅ ልምድ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በክፍሉ የተመረቁ ሰዎች የጻፏቸውን ጥናቶች በቤተ መጻሕፍት ገብተህ ተመልከት። ሁለት ዓመት የምትደክምበት ነገር ምን እንደሚመስል ታያለህ። አራተኛ፣ የወጪ መጋራት ዕዳህን አስብ፤ ዕዳው ሳይከፈል ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት ስለማይቻል ወደ ውጭ አገር ለማመልከት የሚያስቡ በዚህ ብዙ ተቸግረዋል። አምስተኛ፣ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት የምትመርጥ ከሆነ ከቅዳሴና ከጉባኤ የሚቀርብህን ጊዜ በምን እንደምትተካው ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር።

ለ/ ለመነገድ ለሚያስብ፤

አንደኛ፣ ቤት ከመከራየትህ በፊት ለማያውቅህ ሰው ሸጠህ ገንዘብህን በእጅህ ተቀበል። ዘመድ የሚገዛው ለፍቅርህ ነው፤ የዕቃህን ዋጋ የሚነግርህ ባዕድ ነው። ሁለተኛ፣ ትርፍህን ስታሰላ ዕቃውን በገዛህበት ዋጋ ሳይሆን ነገ መልሰህ በምትገዛበት ዋጋ አስላ። ሦስተኛ፣ ዱቤ ልትችል የምትችለውን መጠን ወስነህ ከዚያ አትለፍ። አራተኛ፣ ከወዳጅ ጋር ስትሠራ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሥራው ቢዘጋ ማን ምን እንደሚወስድና ማን ምን እንደሚከፍል ይጻፍበት። ብቻህን መሥራት ከፈለግህም በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አምስተኛ፣ ፈቃድ ያወጣ ሰው ባይሸጥም እንኳ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በጊዜው ማሳወቅ፣ ሲያቆምም ፈቃዱን መመለስ እንዳለበት አትርሳ። ሱቁን ቆልፎ መሄድ ዕዳን አይቆልፍም።

ሐ/ ለሁለቱም፤

በወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ይህ ነገር ባይሳካ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለህ ጻፍ። ከዚያም ያ ሰው ዘንድ ሄደህ እውነቱን ንገረው። እኔ ለእናቴ የነገርኳት ትርፉን ብቻ ነበር። ኪሳራ ቢመጣ ዕቁቡን ማን እንደሚጥል አላነሣሁም፤ እርስዋም ልጅዋን ስለምትወድ አልጠየቀችኝም። የወላጅ ፍቅር ዋስ ነው፤ ነገር ግን ሳያውቅ የሚዋስ ሰው ተታልሏል።

6ኛ/ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መክሊት የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱን መክሊት የተቀበለው አገልጋይ የተወቀሰው ነግዶ ስለ ከሰረ አይደለም። ፈርቶ ስለ ቀበረው ነው። እኔ ይህን ምሳሌ ለብዙ ዘመን ስሰማ መክሊት የሚቀበረው በሥራ ፈትነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ፈሪ ሰው መክሊቱን በዩኒቨርሲቲ ወንበር ሥርም፣ በሱቅ መደርደሪያ ሥርም ሊቀብረው እንደሚችል በራሴ አይቻለሁ። ከውጭ ለሚያየው የሚሠራ ይመስላል፤ በውስጡ ግን እየቆፈረ ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ከምን እየሸሸሁ ነው? ወደ ምንስ እየሄድሁ ነው?» ብለን በጸሎት እንጠይቅ። መልሱ ኀፍረት ከሆነ አንቸኩል። ለጊዜው ደመወዙ ዝቅ ያለ ሥራ ይዞ ወጪን ከቤተሰብ ላይ ማንሣትና እየሠሩ ማሰብ ውርደት አይደለም። ሐዋርያው ድንኳን ሲሰፋ አላፈረም።

እኔም ዛሬ ተቀጥሬ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ፣ ዱቤ እንዴት እንደሚሰበሰብ በሰው ቤት እየተማርሁ ነው። በደብተሬም አንድ ጥያቄ ጽፌአለሁ፤ በአገራችን ከሚገኝ የዘይት ፍሬ ተረፈ ምርት ከውጭ የምናስገባውን ጥሬ ዕቃ የሚተካ ነገር ማግኘት ይቻል ይሆን? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ወደ ትምህርት ያድርሰኝ ወይም ወደ ንግድ ገና አላውቅም፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቸኩልም። የእናቴ ዕቁብ በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. አልቋል። እኔ ግን ደመወዝ ከያዝሁ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ 500 ብር እጥልላታለሁ። 60,000 ብሩ እስኪሞላ ብዙ ሳምንት ይቀረኛል። እናቴ «ተወው ልጄ» ትለኛለች፤ እኔ ግን አልተውም፤ ምክንያቱም ይህን ዕቁብ የምጥለው በዕውቀት ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን ለተመራቂዎቻችን ማስተዋልን፣ ለወላጆቻችን ዕድሜን ይስጥልን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሐዋርያው ጳውሎስ መማሩና ድንኳን መስፋቱ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ ምን ያስተምረናል?
2. መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰበት ምክንያት ምንድን ነው? በእኛ ዘመን መክሊት በምን በምን ይቀበራል?
3. አሁን ባሰብከው ወይም ባሰብሽው መንገድ ላይ ነገሩ ባይሳካ የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ሰው ያውቃልን?
4. የሰንበት ት/ቤታችን አባላት ለተመራቂዎች በምክርም ሆነ በልምድ ምን ልንረዳ እንችላለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።